ጣሪያው ለሚከፈተው ቮልሳችን ቀለም ስንመርጥ

ጥር መጨረሻ

መኪናዋ ግቢ ገብታ ሞተሯ ሳይቀዘቅዝ ክርክሩ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. የ1966 ቮልስ ናት፤ ጣሪያዋ ሸራ ነው። ቮልስ እንደሆነ አዲስ አበባ ሞልቷል፤ ጣሪያው የሚከፈት ግን ብርቅ ነው። ካለም አንዳንዱ ተራ ቮልስ በመጋዝ ተቆርጦ ሸራ የለበሰ ነው። ከመግዛታችን በፊት ካርቶን አንጥፌ ሥሯ የገባሁትም ለዚሁ ነበር። የፋብሪካ ከሆነች ከበሮቹ ሥር በቁመቷ የተበየደ ወፍራም ማጠናከሪያ ብረት መኖር አለበት፤ ጣሪያ የሌለው ቦዲ መሃሉ ላይ እንዳይጎብጥ የሚይዘው እሱ ነው። አላት። እነዚህን የሚሠራው ጀርመን ኦስናብሩክ ከተማ የነበረው ካርማን ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1980 መባቻ ከ330 ሺህ በላይ አውጥቷል።

ሞተሩንና ፍሬኑን መካኒኩ ይዞታል። ቀለሙ የኔና የጋሽዬ ድርሻ ነው። ጋሽዬ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባሉ ጋራዦች መኪና ሲቀቡ የኖሩ የሠፈራችን ሰው ናቸው፤ አሁን የሚሠሩት ሲያሰኛቸው ብቻ ነው። ቮልሷን ዞር ብለው አይተው፣ ኮፈኗን በጣታቸው አንኳኩተው፣ «እሺ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ» አሉኝ።

አሁን ነጭ ናት። አማቴ፣ «ነጭ ናት፣ ነጭ ትሁን። ምን ጎደላት?» ባይ ናቸው። ትልቋ ልጄ ቢጫ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። ትንሹ ቀይ ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ፣ «ሸራው ምን ዓይነት ሊሆን ነው? መጀመሪያ እሱን ንገረኝ» አለችኝ። በዚያን ሰዓት ነገሩን ለማስረዘም የጠየቀች መስሎኝ ነበር።

የካቲት

ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ ቦዲውን ስዞር ዋልኩ። በሮቹና ኮፈኑ ላይ ጥብቅ ይላል፤ የኋላ ፓራፋንጎዎቹ፣ የጎማ መሸፈኛ ቆርቆሮዎቹ፣ ላይ ግን ይወድቃል። ከሥሩ ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ፣ ጎድጓዳ የሚሞላበት ሊጥ፣ ነው ማለት ነው። የቀድሞው ቀቢ፣ ማንም ይሁን ማን፣ የተጨረማመተውን ፓራፋንጎ ከማስወጣት ይልቅ ስቱኮ ሞልቶበት በላዩ ነጭ ረጭቶ ሄዷል። የቮልስ ፓራፋንጎ የሚታሰረው በቡሎን ነውና አራቱንም ፈታኋቸው። ጤነኛ ምትክ ከሶማሌ ተራ ተገኘ። አሮጌዎቹን ጋሽዬ ለቁራሌ ሊሰጡ ሲሉ አስቀረኋቸው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኮፈኑን በውሃና በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ስጀምር የመኪናዋ ታሪክ ወጣ። ዳሩን በሰፊው አስልቼ ሳሸው ቀለሞቹ እንደ ተላጠ ሽንኩርት ተራ በተራ ታዩ፦ ከላይ ነጭ፣ ከሥሩ ቀይ፣ ከቀዩ ሥር ግራጫ አንቲሩጂን (ዝገት የሚከላከለው መሠረት ቀለም)፣ ከዚያ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ከዚያ የፋብሪካው መሠረት፣ በመጨረሻ ብረት። ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ማንም ቀቢ እጁን ያላስገባበት ቦታ፣ ያው ሰማያዊ ሳይነካ ተቀምጧል። የዚያን ዓመት የቮልስ ቀለማት ዝርዝር ላይ ኤል 360 ተብሎ የተመዘገበው፣ «የባሕር ሰማያዊ» የሚባለው ነው። ስትወለድ ሰማያዊ ነበረች።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ቀዩ ነው። ኮፈኑ ላይ ከነጩ ሥር ያገኘሁት ቀይ የደበዘዘ የጡብ ቀለም ነው፤ ሮዝ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። የኋላ መብራቷን ስፈታ ከጎማዋ ሥር የወጣው ቀይ ግን ዛሬ የተረጨ ይመስላል፣ ደም ነው። አንድ ቀን፣ ከአንድ ቆርቆሮ የተቀባ ቀለም! አንደኛውን ፀሐይ አግኝቶታል፣ ሁለተኛውን አላገኘውም። ትንሹን ጠርቼ ሁለቱን አሳየሁት። «እና በየዓመቱ እንቀባታለን» አለ።

ከዓድዋ በዓል በኋላ

አሮጌዎቹ ፓራፋንጎዎች ሥራ አገኙ። ቀለም ቤት የሚሰጡህ ናሙና ጥፍር የምታህል ጠፍጣፋ ወረቀት ናት፤ ቮልስ ላይ ደግሞ ጠፍጣፋ የሚባል ነገር የለም። ፓራፋንጎ ጫፉ ሰማይ ያያል፣ ሆዱ አጥር ያያል፣ ታችኛው ከንፈሩ አስፋልት ያያል፤ ስለዚህ አንዱ ቀለም በአንድ ጊዜ ሦስት ሆኖ ይታይሃል። አራት ፓራፋንጎ፣ አራት ዕጩ። ቆርቆሮዋ ራሷ ነጭ ስለሆነች የአማቴ ዕጩ አምስተኛ ሆኖ ቆሟል።

አንደኛው ኤል 360፣ የትውልድ ቀለሟ። ሁለተኛው ኤል 456፣ ሩቢ ቀይ። ሦስተኛው ኤል 518፣ ጃቫ አረንጓዴ። ሦስቱም በ1966 ከፋብሪካ የሚታዘዙ ነበሩ። አራተኛው ቢጫ ነው፤ ለሙዚየም አይደለም የምንቀባት፣ ልጅቷም ድምፅ አላት።

ለሙከራው ርካሽ ናይትሮ፣ ቲነሩ ሲተን ቶሎ የሚደርቀውን ቀለም፣ ነው የረጨነው። ጋሽዬ ከመርጨታቸው በፊት ግራጫው አንቲሩጂን ላይ በጥቁር ማርከር መስመር አሰመሩ። መስመሩ እስኪጠፋ ስንት ድርብ እንደሚወስድ ማየት ነው ነገሩ። አረንጓዴውና ሰማያዊው ወዲያው ሸፈኑት። ቀዩ ትንሽ አስቸገረ። ቢጫው ግን እየተደራረበም መስመሩ ከሥር እንደ ጥላ ይታያል። ቢጫ ከሥሩ ነጭ መሠረት ይፈልጋል፤ በግራጫ ላይ ከተረጨ ደግሞ ያድፋል፣ አረንጓዴ አረንጓዴ ይላል። ልጄ ይህን ሁሉ ቆማ አይታ፣ «ታዲያ ነጭ መሠረት አድርጉለት» አለች። እውነቷን ነው፤ ያ ክርክር አይደለም፣ ወጪ ነው።

መጋቢት አጋማሽ

አራቱን በሁለት በሁለት ቡሎን ብቻ መኪናዋ ላይ መልሼ አሰርኳቸው። ምናልባት አገሩ ካያቸው ቮልሶች ሁሉ አስቀያሚዋ ናት። ግን ጥሩ ትናገራለች።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ገና ከጎረቤት ጣሪያ ብቅ ስትል፣ ሁሉም ያምራሉ፤ በዚያ ሰዓት ያየ ሰው ሁሉንም ይገዛል። መፈተኛው 6 ሰዓት ነው። በዚህ ወቅት የአዲስ አበባ ፀሐይ አናት ላይ ልትሆን ጥቂት ነው የሚቀራት፤ እኛ ያለንበት ኬክሮስ ላይ በሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ ቀጥ ብላ ታልፋለች። ከፍታችንም አለ። በየ1000 ሜትሩ አልትራቫዮሌቱ ከ10 በመቶ የማያንስ ይጨምራል፤ እኛ ከ2300 ሜትር በላይ ነን። የኮፈኑ ቀይ ሮዝ ለመሆን የተቃረበው ለዚህ ነው። ቀይ ቀለም እንደ ድሮው ባይሆንም ዛሬም ከነጭና ከጥቁር ይልቅ ለፀሐይ ስስ ነው። ጣሪያዋ ለሚከፈት መኪና ደግሞ ፀሐይ ወደ ውስጥም ይገባል፦ ዳሽቦርዱ ብረት ነው፣ የሚቀባውም በቦዲው ቀለም ነው። የበሩ ጠርዝ፣ ክንድህን የምታሳርፍበት፣ እሱም የቦዲው ቀለም ነው።

ይሄ ነጥብ ሲገባኝ አመራረጤ ሁሉ ተቀየረ። ጣሪያ ባለው መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው የመኪናውን ቀለም አያየውም፤ የሚያየው ጎረቤት ነው። እዚህ ግን ቤተሰቡ ቀለሙ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ካርቶን ቆርጬ በአምስቱም ቀለም ቀባሁና በየተራ ዳሽቦርዱ ላይ እያሰርኩ ጣሪያውን ከፍተን ወደ እንጦጦ ወጣን። ነጩ መስታወቱ ላይ ተንጸባርቆ ከፊቴ ሌላ መስታወት የቆመ ያህል ሆነብኝ፤ ቢጫውም ያው ነው። አረንጓዴውና ሰማያዊው ምንም አላሉም። አማቴ ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ በነጩ ሲመለሱ ዓይናቸውን በነጠላቸው ከልለው ነበር፣ ስለ ነጭ ግን ከዚያ ወዲህ አላነሱም። በሌላ በኩል፣ እኩለ ቀን ላይ የበሩን ጠርዝ በእጄ ስነካ ቀዝቀዝ የሚለው ነጩ ነው። ይህን ልንክደው አይገባም፤ ጠቆር ያለ ቀለም የመረጠ ክንዱን ይሰበስባል።

አሁን ሸራው። ወንበር ሰፊው ዘንድ ያሉት ጥቁር፣ ክሬምና ቡናማ ናቸው። የዚህች መኪና ሸራ ሲታጠፍ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ከላይ ሸራ፣ መሃል ወፍራም ፍራሽ፣ ከሥር ኮርኒስ ያለው ስለሆነ ከኋላ ወንበር ጀርባ ተከምሮ ይቀመጣል፣ የኋላ መስታወት እይታን ሳይቀር ይጋርዳል። ማለትም ጣሪያው ተከፈተም ተዘጋም ቀለሙ ሁልጊዜ ይታያል። የባለቤቴ ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነበር።

ቁራጭ ሸራዎቹን ከየፓራፋንጎው በላይ አስቀመጥን። ሰማያዊው ጎን ክሬሙ ሲደረግ እኔ ገና ዓይቼ ሳልጨርስ በበሩ የሚያልፍ ጎረምሳ፣ «ሜክሲኮ ይጭናል?» ብሎ ሳቀ። ሰማያዊና ነጭ በዚህ ከተማ የታክሲ ነው፤ ላዳውም ሚኒባሱም። ጠቆር ያለው የባሕር ሰማያዊ ከታክሲው ሰማያዊ በጣም ይለያል፤ ከላዩ ነጣ ያለ ነገር ሲያርፍበት ግን ዓይን ልዩነቱን አይቆጥርም። ቢጫውም የሜትር ታክሲ ነው። ቢጫ ከቀይ ጋር ደግሞ አንበሳ አውቶቡስ። አንድ ከተማ የሕዝብ ማመላለሻውን በቀለም ሲለይ ለግል መኪና የሚተርፈው ቀለም እንደሚያንስ አስቤ አላውቅም ነበር።

አረንጓዴው ላይም ክስ አለ። ጋሽዬ ገና ቆርቆሮው ሲከፈት፣ «የጦር ጂፕ ልታደርጋት ነው እንዴ?» ብለውኛል። ያ ግን የወይራ አረንጓዴ ነው፣ ቢጫ ያለበት። ጃቫ አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው፤ ውስጡ ግራጫ አለው። ከቡናማው ሸራ ጎን ሲቀመጥ ጋሽዬ ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ካሉ ተቀብለዋል ማለት ነው።

የበልግ ዝናብ

ሥራ ቆሟል። ብረቱ ባዶውን እንዳያድር አንቲሩጂን ረጭተን በላስቲክ ሸፍነናታል። ለሙከራ የያዝነውን ናይትሮ በእርጥብ አየር ልንረጭ ስንሞክር ፊቱ ወተት መሰለ፦ ቲነሩ ቶሎ ሲተን ብረቱን ያቀዘቅዛል፣ ጤዛ ይይዘዋል። ለዋናው ሥራ ሰማይ መጥራት አለበት። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ካልጨረስን መስከረም ነው።

ከፋሲካ በኋላ

ፍስክ ገባ፣ ቤተሰብ ተሰበሰበ፣ ድምፅ ተሰጠ። ቀይ ወደቀ፤ ትንሹ ራሱ የኋላ መብራቷን ጎማ ሥር አስታውሶ ነው የተወው። ቢጫ ወደቀ። ልጄ ግን እጇን ስትሰጥ አንድ ነገር ጣል አደረገች፤ ወደ ማታ 12 ሰዓት ገደማ ግቢው ውስጥ ቆማ፣ «አረንጓዴው የት አለ?» ብላ ጠየቀች። እውነትም በምሽት ብርሃን ቢጫው ከሩቅ ሲጠራ አረንጓዴው ከግንቡ ጋር ተመሳስሎ ጠፍቷል። እሷ ላይ መልስ የለኝም። መብራት ቀንም አብርቼ እነዳለሁ፣ የኋላ መከላከያው ላይ አንጸባራቂ እለጥፋለሁ፤ ቀለሙ ግን የታየውን ያህል ነው የሚታየው።

ጃቫ አረንጓዴ፣ ቡናማ ሸራ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ወንበር። ተወሰነ።

ባለቤቴ፣ «ወደ ሰማያዊው ብንመልሳት ሥራ አይቀንስም ወይ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ጣሪያ ያለው መኪና ቢሆን ይቀንስ ነበር፤ በሩ ሲዘጋ የሚሸፈነውን ቦታ በድሮ ቀለሙ ትተኸው ማንም ሳያይ ትኖራለህ። እዚህ የሸራው ማጠፊያ ጉድጓድ፣ የወንበር ጀርባ፣ የበር መዝጊያው ሁሉ ፀሐይ ላይ ነው፤ እሱ ሁሉ ደግሞ አሁን ነጭ ተለቅልቋል። ሰማያዊ ብንልም አረንጓዴ ብንልም መታሸቱ አይቀርም።

ቀለም ማዋሃዱ ግማሽ ቀን በላ። ቀለም ቤቱ ቀለም የሚያነብ መሣሪያ አለው፤ ፓራፋንጎው ላይ ቢለጥፈው የራሳችንን ናይትሮ ያነባል እንጂ ትክክለኛውን ኤል 518 አያነብም። ስለዚህ በኮዱ የተገኘውን ቀመር አስመዝነን ትንሽ አስወጣን፣ ካርቶን ላይ ረጭተን አደረቅነው። እርጥብ ቀለም አትመን፤ ሲደርቅ ይጠቁራል። ከሱቁ የኒዮን መብራት ሥር ከፓራፋንጎው ጋር አንድ ዓይነት ነበሩ። ደጅ ስናወጣቸው አዲሱ ወደ ሰማያዊ ሸሸ። ሁለት ቀለም በአንድ መብራት ተመሳስሎ በሌላው ሊለያይ ይችላል፤ ከተለያዩ ዱቄቶች ስለተሠሩ ነው። የመረጥነው ፓራፋንጎው ላይ ያየነውን ነውና የሱቁ ልጅ ጥቂት ኦክር፣ ቡናማ ቢጫ፣ ጠብ አደረገበት፣ ደጅ ወጣን፣ እንደገና ጠብ አደረገ፣ እንደገና ወጣን። የመጨረሻውን ቀመር በግራም አስጽፌ ይዤያለሁ።

ብልጭልጭ እንጨምርበት ብሎ ሱቁ ውስጥ የነበረ ሰው መክሮን ነበር። አልሰማነውም። ብልጭልጭ ቀለም ውስጡ የአሉሚኒየም ቅንጣት አለው፣ ነገ አንድ በር ቢጫር ያንን ብቻ ቀብቶ ማመሳሰል በጣም ከባድ ነው። ለዚህ ከተማ ትራፊክ ደፈን ያለ ቀለም ነው የሚሻለው። ከላዩ ክሊር፣ ቀለም የሌለው አንጸባራቂ ሽፋን፣ እንዳይኖርም ወስነናል፤ ያለ ክሊር የሚያበራ ቱ-ኬ፣ ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀል ቀለም፣ ነው የገዛነው። ፀሐይ ያቃጠለው ክሊር ሲላጥ ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

ግንቦት

ከመጀመሪያው አንቲሩጂን በኋላ ቦዲውን ሁሉ በስሱ ጥቁር አቧራ ነፋንበትና በረጅም እንጨት ላይ በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት አሸነው። ጥቁሩ ያልጠፋበት ጎድጓዳ ነው፤ ስቱኮ ይጠብቃል። በ320 ቁጥር ወረቀት ጀምረን በ600 ጨረስን። የጋሽዬ እጅ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን በሩ ላይ ሲያንሸራትቱ እኔ ምንም የማላይበት ቦታ ላይ ቆመው፣ «እዚህ ጋ ሆድ አላት» ይላሉ። ሁልጊዜም አላት።

የርጭቱ ቀን ጠዋት ግቢውን በውሃ አርሰን አቧራውን አስተኛነው። ልጆቹና አማቴ ዘመድ ቤት ሄደዋል፤ ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት አስም ያመጣል፣ ተራ የአፍንጫ ጭምብልም አያስቆመውም። ጋሽዬ በድሮ ጊዜ በሻሽ ብቻ ሲረጩ እንደኖሩ ነግረውኝ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚገባበትን ጭምብል በግድ ነው ያጠለቁት። «ትንፋሼን ለማትረፍ ጡረታ እስክወጣ ጠበቃችሁ» አሉኝ።

መጀመሪያ ውስጡን፦ ዳሽቦርድ፣ የበር ጠርዝ፣ የሸራ ጉድጓድ። ቀጥሎ ቦዲውን። ፓራፋንጎ፣ ኮፈንና በሮች ለየብቻቸው ተሰቅለው ተረጩ። አንደኛው ድርብ ስስ ነው፣ ለመያዣ። ሁለተኛው ላይ ነው ቀለሙ የመጣው፤ እርጥቡ ፊት ላይ ሰማዩና የባሕር ዛፉ ጫፍ ሲንጸባረቅ ጋሽዬ እጃቸውን ሳያቋርጡ ከኮፈኑ አፍንጫ እስከ መስታወቱ ሥር በአንድ ትንፋሽ ሄዱ። አንዲት ትንኝ አረፈችበት። ማንም እንዳይነካት አዘዙ፤ ደርቆ በወረቀት ትነሳለች።

ግንቦት መጨረሻ

ትንኟ ተነሥታለች። ፊቱ በ1500፣ ከዚያ በ2000 በውሃ ታሽቶ በፖሊሽ በርቷል። ሰም ለወር ያህል አይነካትም፤ ቀለሙ ገና እየደረቀ ነው።

ፓራፋንጎዎቹ ገቡ። በእነሱና በቦዲው መሃል የሚገባውን ቀጭን ጎማ ጥቁር ነው ያደረግነው፤ አረንጓዴ የሚሸጥም ነበር፣ ግን እሱ በሌላ ፀሐይ ደብዝዞ ከቦዲው ጋር እንደማይስማማ ገምቻለሁ። ሊብሬው ላይ «ነጭ» ይላል። የቀለም ለውጡን ለማስመዝገብ ማመልከቻውን አስገብቻለሁ፤ ሳይስተካከል ቦሎ ላይ ችግር ነው።

ሸራው ወንበር ሰፊው ጋ ነው። አማቴ ቀለሙን አይተው፣ «ቆንጆ ነው፣ ግን አቧራ ይታይበታል» አሉ። ይታይበታል። አዲስ አበባ ውስጥ አቧራ የማይታይበት ቀለም አቧራ ብቻ ነው። ለማጠቢያ ሁለት ባልዲ ይዘናል፤ አሸዋ የያዘው ጨርቅ ተመልሶ ቦዲው ላይ እንዳያርፍ አንዱ ለማለቅለቂያ ብቻ ነው። ሥራው የተሰጠው ለትንሹ ነው።

የተረፈውን ቀለም ማጠንከሪያ ሳይነካው በትንሽ ቆርቆሮ እስከ አፉ ሞልቼ ከድኜዋለሁ፤ አየር ከገባበት ቆዳ ያወጣል። ክዳኑ ላይ ኮዱን፣ ግራሞቹንና የተዋሃደበትን ወር ጽፌ ጨለማው መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ቢጫው ፓራፋንጎ ደግሞ የልጄ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አምፖል ይግባልኝ ትላለች፣ ገመዱን በየት እንደማሳልፈው እያየሁ ነው።